ሄልሜቱ ለእንግዳ፣ ጥፋቱ ለሙሐመድያሲን

ለክቡር አቶ ፍቅረ ሥላሴ፣
የቢቸናና የሞጣ ሕንፃዎች ግንባታ ሥራ አስኪያጅ፤ እንዲሁም በገዛ ግንባታቸው ላይ የደረሰውን አደጋ ራሳቸው ለሚያጣሩት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

በመድኃኔዓለም ዕለት፣ ጥር 27 ቀን ጠዋት፣ በቢቸናው ሕንፃ በር ላይ ነጭ ጨርቅ ከለበሰ ጠረጴዛ ጀርባ ቆሜ፣ ለክቡራን እንግዶችዎ የማድለውን ታጥቦ የተወለወለ ሄልሜት በሁለት እጄ እንደያዝሁ፣ ሙሐመድያሲን ከላይኛው መወጣጫ ላይ ባዶ ራሱን ሲወድቅ አየሁት። መጀመሪያ የባሕር ዛፉ ግንድ ሲሰነጠቅ ተሰማ፤ ቀጥሎ «ደህንነት ከሁሉ ይቀድማል» የሚለው ትልቁ ባነርዎ ነፋስ ሞልቶት እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ ከዚያ መወጣጫው በሙሉ ባነሩን እንዳነገበ ወደ ግቢው ተደፋ። አቧራው ሲገለጥ በእጄ ያለውን ሄልሜት ገልብጬ አየሁት። ውስጡ ላይ በእስክሪብቶ «ሙሐመድያሲን፣ ሞጣ» የሚል ተጽፎበታል። የጽዳት ሠራተኛችን ፈንታነሽ እንዳዘዟት በሳሙና ደጋግማ ብታሸውም ስሙ አልለቀቀም ነበር።

ከዚህ በመቀጠል፣ እንደ አገራችን ወግ፣ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ እንደምን ነው? ሲነሡና ሲቀመጡ አያስቸግርዎትም? እግርዎ ሲያዙት ይሄድልዎታል? አንገትዎን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ማዞር ይችላሉ? ጥያቄው ቢበዛብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሙሐመድያሲን በጀርባው ከተኛ ወዲህ የሰውን ጤና በጅምላ መጠየቅ ትቼ አጥንት በአጥንት መጠየቅ ለምዶብኛል። እርሱ ወገቡ ተሰብሮ፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሆስፒታል ተወስዶ፣ እናቱ እማማ መሪማ ከራስጌው ሳይነሡ አዲስ አበባ የታዘዘለትን ቀዶ ሕክምና ይጠብቃል። እማማ መሪማ ለሚጠይቃቸው ሁሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሱ አለች» ይላሉ። ስለ ቀረው አካሉ አይናገሩም።

እኔ ስርጉት ወልደ ኪዳን እባላለሁ። በስሜ ካላስታወሱኝ «ያቺ የሴፍቲዋ ልጅ» ይበሉኝና ወዲያው እመጣልዎታለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሰው ከግንባታ ላይ ለምን እንደሚወድቅና እንዳይወድቅ ምን እንደሚደረግ ተምሬ፣ ዲግሪዬን ይዤ፣ የሥራ ደህንነት ባለሙያ ሆኜ በእርስዎ ፕሮጀክት የተቀጠርሁት ውሉ እንዲህ ያለ ባለሙያ እንዲኖር ስለሚያስገድድ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ነግረውኛል። ለዚህ ግልጽነትዎ እስከ ዛሬ አላመሰገንሁዎትምና እነሆ አሁን አመሰግናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ያስገደደኝ አንድ ነገር ነው። ኮሚቴዎ የአደጋውን ምክንያት «ተጎጂው ሄልሜት ሳያደርግ፣ ያልተፈቀደ መወጣጫ ላይ በራሱ ቸልተኝነት በመውጣቱ» ብሎ ጽፎ ጨርሷል። ጽሑፉ ተቀባይነት የሚያገኘው እኔ እንደ ደህንነት ባለሙያ ስፈርምበት ነው። ከፈረምሁ ሙሐመድያሲን ጥፋተኛ ይሆናል፤ ድርጅቱም እርሱን ከማሳከም ነጻ ይወጣል፤ ቀዶ ሕክምናውም ይቀራል። ካልፈረምሁ የእኔ ሥራ ይቀራል። ይህን ምርጫ በቢሮዎ ሲያቀርቡልኝ ድምፅዎን እንኳ ከፍ አላደረጉም፤ እንደ አባት ነበር የመከሩኝ። ስለሆነም እንደ አባት ምክር በቀላሉ እንዳላልፈው፣ ያስመሰግንዎታል የምለውን ሁሉ በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ሕንፃው በዓል እንዳያውቅ ስላደረጉበት ዘዴ አመሰግናለሁ። ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፤ ድርጅቱ አንድ ሕንፃ ቢቸና፣ አንድ ሕንፃ ሞጣ ይሠራል። የቢቸና አናጢዎችና ግንበኞች በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም እጃቸውን ከሥራ ያነሣሉ፤ የሞጣዎቹ ሙስሊሞች ደግሞ ዓርብ ለሶላት ይሄዳሉ። እርስዎም በወር በዓላት የሞጣዎቹን በመኪና ወደ ቢቸና አውርደው፣ ዓርብ ዓርብ የቢቸናዎቹን ወደ ሞጣ አውጥተው፣ ሥራው አንድም ቀን እንዳይቆም አደረጉ። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ሰው በሃይማኖቱ ሳይነካ ይሠራል፣ ያርፋል። አንድ ነገር ብቻ ጎደለው። ሁለቱ ቡድኖች አይገናኙም። አንዱ ማታ ሲወጣ ምን እንደነቀለ፣ ምን እንዳላላ፣ የትኛው እንጨት እንዳይረገጥ፣ ጠዋት ለሚገባው የሚነግር የለም።

ቡድኖቹ ተገናኝተው ሥራ የሚረካከቡበት ጊዜ እንዲኖር ብጠይቅዎ «ልጄ፣ ሥራ በወሬ አይሠራም» አሉኝ። እሺ፣ አደገኛ ቦታ ላይ የሚንጠለጠል ቀይ ምልክት ይገዛልን ብል «ይመጣል» አሉኝ። እስከ ዛሬ በመምጣት ላይ ነው፤ በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ ባውቅ ሄጄ በተቀበልሁት ነበር።

ምልክቱ ስላልመጣ የቢቸናው ዋና አናጢ ጋሽ ዘመነ፣ የሞጣው ቡድን ፎርማን ሙሐመድያሲንና እኔ መላ መታን። ገበሬው ከብት እንዳይገባበት የከለለውን ሣር በምን እንደሚያሳውቅ ያውቃሉ፤ ቅጠል ያስርበታል። እኛም ያልተጠናቀቀ ወይም ድጋፉ የተነቀለ መወጣጫ ላይ የግራዋ ቅጠል እንዲታሰር፣ ቅጠል የታሰረበት ላይ ማንም እንዳይወጣ፣ ያሰረው ሰው ብቻ እንዲፈታው ተስማማን። ለጋሽ ዘመነ በቢቸና በአካል፣ ለሙሐመድያሲን ሞጣ ሄጄ ነገርኋቸው። ሁለቱ በመልክ አይተዋወቁም፤ በቅጠል ግን እንደ ወንድማማች ይነጋገሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አልወደቀም። ይህ አሠራር በየወሩ ባቀረብሁልዎ ጽሑፍ ላይ ሁሉ አለ። ለማንበብ ጊዜ ስላጡ አልቀየምም፤ ታላቅ ሰው ብዙ ሥራ አለበት።

ሁለተኛ፤ ስለ ጽዳት ፍቅርዎ አመሰግናለሁ። በዋዜማው፣ የጋሽ ዘመነ ቡድን ረጃጅም ጣውላ ወደ ላይ ለማሳለፍ ብሎ የፊተኛውን መወጣጫ ሰያፍ ድጋፎች ነቀለ፤ እነዚህ ድጋፎች መወጣጫው ወደ ጎንም ወደ ፊትም እንዳይሄድ የሚይዙት ናቸው። ቀኑ መሽቶ ነገ በዓል ስለሆነ፣ ከበዓሉ ማግሥት ሊመልሷቸው አስበው፣ እንደ ስምምነታችን የግራዋ ቅጠሉን ከፊት ለፊት አስረው ሄዱ። እኔን እርስዎ ለእንግዶቹ ጠረጴዛ ጨርቅና አበባ እንድፈልግ ልከውኝ ነበር። «ሴት ልጅ እንግዳ መቀበል ያምርባታል» ያሉት እንዳይረሳኝ በማስታወሻ ሳይሆን በልቤ ይዤዋለሁ።

እርስዎ ግቢውን ሲጎበኙ ቅጠሉን አዩ። ፈንታነሽን ጠርተው «ይህ ምን ጉድ ነው? ጫካ ነው እንዴ የምንሠራው? ነገ የሚመጡት ሰዎች ምን ይሉናል?» አሏት። እርሷም «ጌታዬ፣ እርሱ እኮ የእነ ጋሽ ዘመነ ምልክት ነው፤ አይነካም ተብሏል» ብላ መለሰችልዎ። «ምልክት ከወደዱ ነገ ያያሉ፤ አሁን አውርጂው» አሏት። ፈንታነሽ አወረደችው። ከዚያ ቅጠሉ በነበረበት ቦታ፣ ሁለት ፎቅ የሚሸፍነው ባነር በሽቦ ታሰረ። የነገው ጉብኝት ፕሮጀክቱ በሥራ ደህንነት ሞዴል ተብሎ እንዲመረጥ ነበርና፣ ባነሩ ላይ «ደህንነት ከሁሉ ይቀድማል» ተብሎ ተጻፈ። ከሥሩም የእርስዎ ፎቶግራፍ ነበረ፤ ደህና ወጥተዋል።

ክቡርነትዎ፣ እርስዎ ፎቅ ሲያሠሩ ኖረዋልና ጥር ላይ ከዐባይ ሸለቆ በኩል የሚነሣው ነፋስ ምን እንደሚያደርግ ለእርስዎ አልነግርም። ድጋፉ በተነቀለ መወጣጫ ላይ ይህን የሚያህል ጨርቅ ማሰር ማለት እግሩ የታመመን ሰው በነፋስ ፊት ጃንጥላ አስይዞ እንደማቆም ያለ ነው ብዬ ብቻ አልፋለሁ።

ሦስተኛ፤ ለእንግዳ ስላለዎት ክብር አመሰግናለሁ፤ ይህ አጭር ነው። ሠራተኛው ያለው ሄልሜት ሁሉ ከሁለቱም ሕንፃ በዋዜማው ተሰበሰበ፣ ታጠበ፣ በጠረጴዛ ላይ ተደረደረ። ጠዋት የደረሱት የሞጣ ልጆች ሄልሜታቸውን ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ «እንግዶቹ ይጨርሱና ትወስዳላችሁ» የሚል ነበር። ሙሐመድያሲን በአጠገቤ ሲያልፍ ጠረጴዛውን አይቶ «ስርጉት፣ ሱቅ ከፈትሽ እንዴ? የእኔን በስንት ትሸጪልኛለሽ?» ብሎኝ ሣቀ። «ታገሥ፣ አሁን አመጣልሃለሁ» አልሁት። ሲሄድ ወደ መወጣጫው ቀና ብሎ እንደ ልማዱ ቅጠል ፈለገ። ለልጆቹም «ቅጠል የለም፣ ይወጣል፤ እኔ ልቅደም» ሲል ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜ እርሱ ይቀድም ነበር። ሌሎቹ የተረፉት ስለዚህ ነው።

እንግዶችዎ የደረሱት አቧራው ሳይበርድ ነበር። አንዳቸውም ሄልሜት አላደረጉም፤ ከመኪናቸው ሳይወርዱ ተመልሰዋል።

አሁን ወደ አራተኛው ልምጣ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋናዬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ክቡርነትዎ ለአንድ አደጋ አንድ ምክንያት አንሶ ታይቶዎት፣ በየአገሩ የሚስማማ ሦስት ምክንያት አዘጋጅተዋል።

ለበላይ አካል በጽሑፍ ያቀረቡት የሄልሜቱን ነው፤ እርሱን ተናግሬዋለሁ። በቢቸና፣ ከቅዳሴ በሚወጣው ሰው መካከል ቆመው የተናገሩት ግን ሌላ ነው። «እኛ ራሳችን ነን ያጠፋነው፤ በመድኃኔዓለም ቀን በእስላም እጅ ሥራ ማሠራት ቁጣ ያመጣል ብዬ ነበር» አሉ። ብለው ነበር? ለማን ብለው ነበር? መኪናውን ወደ ሞጣ የላኩት እርስዎ፣ እንግዶቹን በዚያ ቀን የጠሩት እርስዎ፣ በዓል ተሻረ ብለው የሚያዝኑትም እርስዎ! አባቴ መርጌታ ወልደ ኪዳን ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው፤ ይህን ንግግርዎን ሲሰሙ «መድኃኔዓለም ያዘዘውን አልፎ የታዘዘውን አይመታም፤ እንደዚያ የሚያደርግ ዳኛ ያለው በምድር ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም አልጨምርም።

በሞጣ ደግሞ፣ ልጠይቅ መጣሁ ብለው በሙሐመድያሲን ዘመዶች መካከል ተቀምጠው፣ «የቢቸና አናጢዎች ድጋፉን ሆን ብለው ነቅለው ነው፤ ምን ላድርግ፣ ሰው ክፉ ሆነ» አሉ። እማማ መሪማ ይህን ሰምተው፣ እኔ ስመጣ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ያ ዘመነ የምትሉት ሰው ልጄን በምን ጠልቶት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ጥያቄ ፊት ቆመው ያውቃሉ? በእነዚህ ሁለት ከተሞች ያለው ሰው አንዱ ከሌላው ጋር ሲገዛ ሲሸጥ፣ ሲጣላ ሲታረቅ፣ ሲወልድ ሲቀብር ዘመን ቆጥሯል። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ወሬ ከደረቀ ባሕር ዛፍ ይልቅ ቶሎ እንደሚነድ እርስዎ አያጡትም። ለአንድ ሕንፃ ስም ብለው እሳት ይዘው በሁለት ከተማ ዞሩ። መወጣጫው የወደቀው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ ይህ ወሬ ቢወድቅ በማን በማን ላይ እንደሚወድቅ ኮሚቴዎ አጣርቷል?

እርስዎ ያልጠበቁት ነገር ስለሆነ የሆነውን ልንገርዎ። ጋሽ ዘመነ ራሱ ሞጣ ሄደ። አደጋው በደረሰ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላውን እንዳጣፋ ሮጦ መጥቶ እንጨት ሲያነሣ የነበረ ሰው ነው፤ በዚያ ግርግር ግን የማንን አካል እንደሚሸከም እንኳ አላየም። በሆስፒታሉ ክፍል በር ላይ ቆሞ መግባት አቃተው። «ቅጠሉን አስሬ ነበር፤ በማርያም፣ አስሬ ነበር» ይላል። ሙሐመድያሲን አንገቱን ማዞር ስለማይችል ጣራውን እያየ «ጋሽ ዘመነ ማለት እርስዎ ነዎት? ይግቡ እንጂ! ከቋጠሮዎ ጥንካሬ የተነሣ ጎረምሳ መስለውኝ ነበር» አለው። እማማ መሪማ ሣቁ፤ ልጃቸው ከወደቀ ወዲህ ሲሥቁ ያኔ አየሁ። ከዚያ ለጋሽ ዘመነ የሚቀመጥበት አወጡለት። ለጥያቄያቸው መልሱን ከእኔ አልጠበቁም።

ስለዚህ ሁለተኛውና ሦስተኛው ምክንያትዎ አልሠሩም። ስለ ድካምዎ ግን አዝናለሁ።

ኮሚቴዎ ስላቀረበው የመፍትሔ ሐሳብም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሠራተኛው ሁሉ «ራሴን እጠብቃለሁ፤ ብወድቅ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ብሎ እንዲፈርም፣ ፈንታነሽ «ምልክት በማንሣቷ» ከሥራ እንድትሰናበት፣ በወደቀው ባነር ፋንታ የበለጠ ትልቅ ባነር እንዲሠራ ወስነዋል። ፈንታነሽን ያባረሯት ምልክት መሆኑን ነግራዎት ሳለ አውርጂው ያሏትን ምልክት በማውረዷ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ተረት ከተተረተ ጀምሮ እንደዚህ ያለ ምሳሌ ያገኘ አይመስለኝም። ስለ ባነሩ ግን ምንም አልልም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የሚሰቀለው በምን ላይ ነው?

የተማርሁት የአደጋ ምርመራ ውስብስብ ጥበብ አይደለም። «ለምን?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱ ሲገኝ በመልሱ ላይ ደግሞ «ለምን?» ማለት፣ የሚያሳፍር መልስ ሲመጣም አለማቆም ነው። ኮሚቴዎ አንድ ጊዜ «ለምን?» ብሎ፣ መሬት ላይ የተኛ ሰው አግኝቶ፣ ደክሞት ተቀመጠ። ፈቃድዎ ከሆነ ከዚያው ላይ ልቀጥልልዎ።

ሙሐመድያሲን ለምን ወደቀ? መወጣጫው ስለወደቀ። መወጣጫው ለምን ወደቀ? ድጋፉ ተነቅሎ ሳለ ባነሩ ነፋስ ስላስያዘው። ድጋፉ የተነቀለ መወጣጫ ላይ ለምን ወጣ? ቅጠሉ ስላልነበረ። ቅጠሉ ለምን አልነበረም? እንግዳ እንዳያየው። አንድ ቅጠል ሲጠፋ የሰው ሕይወት የሚጠፋበት ሥራ ለምን በቅጠል ላይ ብቻ ቆመ? ቡድኖቹ እንዳይገናኙ ስለተከለከለ፣ ቀዩ ምልክትም በመምጣት ላይ ስለነበረ። ባዶ ራሱን ለምን ወጣ? ሄልሜቱ በእኔ እጅ ስለነበረ። በእኔ እጅ ለምን ነበረ? ከሚሠራው ራስ ይልቅ የሚጎበኘው ራስ ስለከበረ።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ጥያቄ ደረጃ የሚወጣ ጥያቄ ነው። ከመሬት ተነሥቶ በአናጢው በኩል ያልፋል፤ እዚያ አይቆምም። በጽዳት ሠራተኛዋ በኩል ያልፋል፤ እዚያም አይቆምም። በእኔም በኩል ያልፋል፤ ጨርቅ ፍለጋ ስላክ «ከመወጣጫዬ አልሄድም» ብዬ አለመቆሜን ጠይቆኝ ያልፋል። ከዚያ ወደ ላይ ይወጣና አንድ በር ላይ ይደርሳል። በሩ ላይ የተጻፈውን ስም ኮሚቴዎ ያውቀዋል፤ ሰብሳቢው የሚገባው በዚያ በር ነውና። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የተሠማራው በሩን ስቶት አይመስለኝም።

ይህን ምርመራዬን ጽፌ ለኮሚቴው ሳቀርብ፣ በማግሥቱ ከደህንነት ሥራ ተነሥቼ ወደ ሲሚንቶ መጋዘን መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶኛል። ለዚህም አመሰግናለሁ። ሲሚንቶ በጊዜው ካልተጠቀሙበት እንደሚደነድን እያየሁ መዋል እንደ እኔ ላለ ሰው ትምህርት አለው። ግን መዛወሬ ፊርማዬን አላዛወረውም፤ በዚያ ቀን በቦታው የነበርሁት ባለሙያ እኔ ነኝ፤ የሚጠየቀው ፊርማ አሁንም የእኔ ነው።

እንግዲህ በሚገባዎ አክብሮት እንዲህ እላለሁ። «በራሱ ቸልተኝነት» በሚለው ቃል ላይ አልፈርምም። ቃሉን ቢያለዝቡት፣ «በከፊል» ቢያስገቡበት፣ «በአሳዛኝ ሁኔታ» ብለው ቢጀምሩትም አልፈርምም። የእኔን ምርመራ ከቅጠሉ፣ ከባነሩና ከሄልሜቱ ጋር፣ የእማኞቹን የጋሽ ዘመነንና የፈንታነሽን ቃል ጨምሬ፣ በራሴ ፊርማ ለሚመለከተው ሁሉ ልኬዋለሁ። የሙሐመድያሲን ቀዶ ሕክምና የሚጓተትበት እያንዳንዱ ቀን በእርስዎ ላይ እንዲቆጠር ጠይቄያለሁ። ቡድኖቹ ሳይረካከቡ ሥራ በሚጀምርበት ቀንም፣ ከመጋዘን ወጥቼ መወጣጫው ሥር እቆማለሁ፤ ማንም እንዲወጣ አልፈቅድም። ያኔ ደግሞ ወዴት እንደሚያዛውሩኝ ለማየት እጓጓለሁ።

ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ ዕድሜውም ይህን ሁሉ ለመመለስ ያብቃዎ። መወጣጫ በወጡ ቁጥር ከእርስዎ በፊት የወጣ፣ ከእርስዎ ይልቅ ለሌላው የተጨነቀ ሰው እንዲያጋጥምዎ እመኛለሁ።

አክብሮቴን ሳልነፍግ፣ ፊርማዬን ግን ነፍጌ፣
ስርጉት ወልደ ኪዳን
በትምህርቷ የሥራ ደህንነት ባለሙያ፣ በትእዛዝዎ የሲሚንቶ መጋዘን ሠራተኛ
ቢቸና፣ የካቲት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ እርስዎ ወደ አባቴ ቤት የላኳቸው ሽማግሌዎች በሰላም ደርሰዋል። ጎረቤቱ ጋቢ የለበሱ አዛውንቶች ተሰልፈው ሲገቡ አይቶ፣ ለእናቴ «እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ! ለስርጉት ነው?» አላት። እናቴም «አዎ፣ ለስርጉት ነው፤ እርሷን ሳይሆን ፊርማዋን ሊያጩ ነው የመጡት» ብላ መለሰች። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ቀምሰው፣ «ልጃችን፣ ለወደቀ ሰው ብለሽ የቆመውን አትጣዪ» ብለው መከሩኝ። አባቴም «ለመሆኑ ሞጣ መሪማ ዘንድ ደርሳችሁ ነው የመጣችሁ?» ሲሉ ጠየቋቸው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። በአገራችን ሽማግሌ የሚላከው ከበዳይ ወደ ተበዳይ ነው፤ በዳዩም ድንጋይ ተሸክሞ ከደጅ ይቆማል። ድንጋይ በግቢዎ ሞልቷል፤ የሞጣን መንገድ ሹፌርዎ ያውቀዋል። እኔ ግን ፊርማዬን ለመለመን የሚመጣ ሽማግሌ ከእንግዲህ አልቀበልም፤ የተበደለው በጀርባው ተኝቶ ሳለ ያለ እርሱ የሚደረግ እርቅም አልቀበልም።